ቀለም ያልያዘው ደም

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ሞተው ተገኙ። ትናንት ከግማሽ በላይ የነበረው የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ባዶ ጠርሙስ ብቻ ሆኖ ራስጌያቸው ቆሟል፤ አጠገቡ ያለው የወተት ብርጭቆ ደግሞ ሽሮፕ ሽሮፕ ይላል። ሽሮፑን ማታ ማታ በማንኪያ እየለካች የምታጠጣቸው፣ ባሏ የሞተባት ምራታቸው ናት። ስለዚህ ጎረቤቱም ፖሊሱም ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ።

መርማሪዋ ግን መቸኮል አልፈጠረባትም። የሰው ወሬ ሁሉ ስታጣራ ስለምትውል ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ምራቲቱን ወጥ ቤት አገኘቻት። ትንሽ ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች።

«ስንት ማንኪያ ሰጠሻቸው?»

«አንድ። እንደ ሁልጊዜው አንድ ብቻ! ጠርሙሱን እዚያው ትቼ ወጣሁ። እኔን ካሰራችሁኝ ይቺን ልጅ ማን ያሳድግልኛል?»

ወንፊት ገበታው ላይ ወደተቀመጠው እርጥብ ቅጠል ጠቆመች።

«ይሄስ?»

«ከጅረቱ ዳር የሚቀጠፍ ነው። አባባ ጥሬውን ካልበሉ ምሳ የበሉ አይመስላቸውም ነበር። እኛንም አስለመዱን።»

ቀጥላ ሽማግሌውን ያከመውን ዶክተር አነጋገረች።

«ጉበታቸው ላይ ያየሁት ወይ ካንሰር ነው፣ ወይ የጉበት ትል» አላት። «ትል ከሆነ ደማቸው ይናገራል ብዬ ምርመራ አዘዝኩ። ነፃ ናቸው ተባለ። ካንሰር ነው ብዬ ማስታገሻ ሰጠኋቸው፤ ግን አልተዋጠልኝም። ዛሬ ጠዋት ራሴ ደማቸውን ልቀዳ ቀጥሬያቸው ነበር።»

«ቀጠሮውን ማን ያውቃል?»

«ቤተሰቡ በሙሉ።»

የመጀመሪያውን ደም ቤት ውስጥ የቀዳችው ነርሷ ልጃቸው ናት። «ስማቸውን ለጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት» አለች። «ምራታችን ይዛው ሄደች። በመኪና ያደረሳት ታላቅ ወንድሜ ነው።»

ታላቅ ወንድሟ የከብት ሐኪም ነው። አባቱ ከተኙ ወዲህ የከብት እርባታውን የሚመራው እሱ ነው።

«ትናንት ማታ አባትዎ ጋ ገብተው ነበር?» አለችው ወንፊት።

«ወተታቸውን ሰጥቼ፣ ደህና እደሩ ብዬ ወጣሁ። ሽሮፑን እንደሆነ የምትሰጠው እሷ ናት።»

ወንፊት ከአስከሬኑም፣ ከምራቲቱ፣ ከነርሷና ከወንድሟም ደም አስወሰደች። ውጤቱ ሲደርስ ሁሉንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ምራቲቱ እንደ ተፈረደባት ሰው ጥግ ይዛ ቆመች። ዶክተሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ፕላስቲክ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰውነት ትሉ ሲገባበት መከላከያ ያመነጫል» አለች ወንፊት። «ያ መከላከያ ያለበት ደም እዚህ ላይ ቢጫ ይሆናል። ይኸው የሽማግሌው፤ ቢጫ ነው። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ከጉበታቸው የቆየ ትል አውጥቷል። ስለዚህ ያን ጊዜ ነፃ የተባለው ደም የሳቸው አልነበረም።»

«ስማቸውን የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነው እኮ!» አለች ነርሷ።

«ስሙን ሌላ ሰው ከደሙ ብልቃጥ አንስቶ የራሱ ደም ላይ ለጠፈው። የምራቲቱን እዩት፤ ቢጫ። ያንቺም ቢጫ። የሁለታችሁም ደም ቢሆን ኖሮ ነፃ አይባልም ነበር።»

አራተኛው ጉድጓድ እንደ ውሃ ጠርቷል። የከብት ሐኪሙ ለመሳቅ ሞከረ።

«በዓለም ላይ ትል የሌለበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደሉም። ለዚህ ነው ላብራቶሪው ከመጀመሪያው ምርመራ ካስቀመጠው ትራፊ ደም ላይ ዘረመል ያስመረመርኩት። የእርስዎ ነው። ላም ሲወጋ የኖረ እጅ የራሱን ደም መቅዳት አይከብደውም። ትሉ ካልታወቀ አባትዎ አይታከሙም፤ እርባታውም በእጅዎ ይቆያል። ዶክተሩ ራሱ ሊቀዳ ሲነሳ ግን ጨነቀዎት፤ ሽሮፑን ወተቱ ውስጥ ገለበጡት።»

«አርባ አምስት ዓመቴ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የበረቱን ቁልፍ እንኳ አስፈቅጄ ነው የምወስደው! አባቴ ሲተኛ ነው ሰው የሆንኩት!»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ምራቲቱ ትንፋሿ ገና እየተመለሰ ነበር።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አለች ወንፊት። «ቤተሰቡ ሁሉ የሚበላውን ቅጠል እርስዎ ለምን አይበሉም?»

«ጥሬ ነገር ሆዴን ይነፋኛል ነበር የሚለን» አለች ነርሷ።

«ከብቶቹ ትሉን ከዚያ ጅረት ዳር ቅጠል እንደሚያነሱ ያውቃሉ። መድኃኒቱን የሚሰጧቸው እርስዎ ነዎት።»

ምራቲቱ ከጥጓ ወጣች።

«ጋሼ... ልጄ ከጎንህ ተቀምጣ ነው የምትበላው። እያየህ?»

ዶክተሩ ሕመሙ መድኃኒት እንዳለው፣ ልጅቷም ነገውኑ እንደምትመረመር ነገራት። የሰማችው አትመስልም።

«ልነግርሽ ነበር» አለ የከብት ሐኪሙ፣ አቀርቅሮ።

«መቼ?»

እጁን ለካቴናው ሰጠ። እሷ ግን «መቼ፣ ጋሼ? መቼ?» እያለች እስከ በሩ ተከተለችው።