ደህና ናቸው ተብለው የተሸኙት

ግድግዳው እትዬ ውድነሽን በትሕትና ተቀበላቸው። በ2118 ዓ.ም. ግድግዳ ሰላም ማለቱ ማንንም አያስደንቅም። ይህኛው «ሐኪም ግድግዳ» ይባላል፤ ሕመምተኛ የሚያመውን ሲነግረው መርምሮ መድኃኒት የሚሰጥ መሣሪያ ነው።

«እንደምን ነዎት?» አላቸው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት ነህ?»

ግድግዳው ለዚህ መልስ አልሰጠም። «ደህና ነዎት። መልካም ቀን» ብሎ መዝገባቸውን ዘጋ። እትዬ ውድነሽ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ እጅ ነሥተው፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወጡ።

በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው መስተዋት ጀርባ ሆና የምታየው ትርሲት በንዴት ጦፈች። በዩኒቨርሲቲው የአጠቃቀም ፍተሻ ላቦራቶሪ ሠልጣኝ ናት፤ ሰዎች አዲስ መሣሪያ ሲጠቀሙ የት ላይ እንደሚቸገሩ ትመዘግባለች። መሣሪያው ግን ቀድሟት «አሥራ አንድ ሰከንድ። ተጠቃሚዋ ረክተዋል» ብሎ ጽፏል። ረክተዋል! ይህን ነገር የሠራ ሰው አንድም ቀን የታመመ ጎረቤት ጠይቆ አያውቅም ማለት ነው።

የቀደሙትን ሃያ ዘጠኝ ተጠቃሚዎች የቪዲዮ ቅጂ ከፍታ አየች። ሁሉም ከሆስፒታል ወረፋ ተለምነው የመጡ ሕመምተኞች ናቸው። አሥራ ሰባቱ እዚያው ሰላምታው ላይ ተሸኝተዋል። ነገ ጠዋት ደግሞ ግድግዳው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ይተከላል፤ ሐኪሞቹም ይነሣሉ። የቀረው የእሷና የኃላፊዋ ፊርማ ብቻ ነው።

«አልፈርምም» አለች።

ኃላፊዋ፣ የምሕንድስና ምሁሩ ዶክተር መኩሪያ፣ ቅጹን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «የተጠቃሚ ስህተት ነው። ደህና ነኝ ያሉት ራሳቸው አይደሉም እንዴ? መመሪያው ሕመምዎን ይናገሩ ይላል።»

«ተጠቃሚ አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው የሠራነው ዕቃ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም? እንደምን ነህ ስለተባለ ቁስሉን ገልጦ የሚያሳይ ማን አለ? አባትዎ በሞቱ ሳምንት እንደምን ነዎት ብዬ ስጠይቅዎ ምን አሉኝ?»

ትርሲት «ይምጡ» ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ዶክተሩም ተከተሏት። እትዬ ውድነሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እንደምን ነዎት፣ እማማ?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ደህና ነዎት?»

«ይመስገን ልጄ። አንቺስ?»

«እኔ ደህና ነኝ።» አጠገባቸው ተቀመጠች። «ምን ሆነው ነው የመጡት?»

«ኧረ ደረቴን፣ ልጄ። ሲወጋኝ ሦስት ቀኑ። ወደ ክንዴም ይወርዳል።»

ዶክተር መኩሪያ ሐኪም እንዲጠራ እየጮኹ ሮጡ።

«ታዲያ ይህን ለግድግዳው ለምን አልነገሩትም?» ትርሲት ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም።

እትዬ ውድነሽ እንደ ማፈር አሉ። «እንዴት ነህ ስለው ዝም አለኝ። እሱም የታመመ መሰለኝና ላላደክመው ብዬ ተነሣሁ።»