ከመራመጃው ማሽን ላይ የወደቀው አናጢ

አናጢው ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ደረቱ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች ገና አልተነሱም። ልቡ ሥራ ሲበዛባት እንዴት እንደምትሆን ሊታይለት በእግሩ የመጣ ሰው፣ ማሽኑ ላይ ሲራመድ ወድቆ ሞተ።

መርማሪዋ ከበሩ ሳታልፍ ሐኪሙ ተቀበላት። «ጥፋቱ የነርሷ ነው» አላት፣ ሳትጠይቀው። «ዞር ስል ሳላዛት ፍጥነቱን ጨመረችው።»

ነርሷ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ የመርማሪዋን ቃል ይጠብቃል።

መርማሪዋ ቁጡ ናት፤ ጣቱን ለመቀሰር የሚቸኩል ሰው ደግሞ ደሟን ያፈላዋል። ጥርሷን ነክሳ ጠየቀች። «እስኪ ዶክተር፣ ታካሚዋ እኔ ነኝ እንበል። እዚህ ላይ ስወጣ ምን ይጠብቀኛል?»

ማስተማር ይወዳል፤ ፊቱ በራ። «ደረትዎ ላይ ሽቦ ይለጠፋል። በዝግታ መራመድ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ማሽኑ በየጥቂት ደቂቃው ፍጥነቱንም ዳገቱንም ራሱ ይጨምራል። የደም ግፊትዎ ይለካል። ያልብዎታል፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ አይደንግጡ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ግን ወዲያው ይናገራሉ፤ እናቆመዋለን።»

«እርስዎስ የት ነዎት?»

«አጠገብዎ ነዋ! ዛሬም ከጀርባው፣ ስክሪኑ ጋ ነበርኩ። በየመሀሉ ‹አመመዎት?› ስለው ‹ደህና ነኝ፣ ይቀጥል› ይለኛል።»

«እሺ» አለችና ማሽኑ ላይ ጎንበስ አለች። የማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ በጣቷ ነካችው፤ ተጣበቀባት።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«ፕላስተር» አለች ነርሷ። «ታካሚዎች ሲፈሩ ይጫኑትና ምርመራው እንደገና ይጀመራል። ዶክተሩ ሸፍኚው አለኝ፤ እዚህ ሁሌም እንዲሁ ነው። ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ራሱ ላጠው።»

«ውሸታም!» ጮኸ ሐኪሙ።

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የሟች ሚስት የባሏን ሸሚዝ አቅፋ ተቀምጣለች፤ መዳፏ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ጨብጣለች።

«እናቴ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የጆሮው መስሚያ ናት። ላብ ያበላሻታል ብሎ ሲገባ ሰጠኝ። ያለሷ ጣሪያው ቢደረመስ አይሰማም። ፊት ለፊቱ ቆመሽ ከንፈርሽን ካላየ በቀር ምንም።»

መርማሪዋ ሴትየዋን ደግፋ ይዛት ገባች፤ ሁሉም ባሉበት በሩን ዘጋች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን በምን ነበር የምታናግሪው?»

«በእጄ ምልክት። አልሰማም አለኝ።»

«ዶክተርስ? ከጀርባው ሆነህ ጠየቅከው፣ መለሰልህ። አይደል?» አንቱታው ቀርቷል።

«ብያለሁ እኮ!»

«ደንቆሮ ነበር! ጆሮው ያለው ሚስቱ እጅ ላይ ነው!»

ሐኪሙ ወደ በሩ ተራመደ፤ መርማሪዋ ግን መንገዱን ዘጋችበት።

«እዚህ ብትሆን ኖሮ እንደማይሰማ ታውቅ ነበር። አልነበርክም! ፍጥነቱን የሚጨምረው ማሽኑ ራሱ እንደሆነ በገዛ አፍህ ነግረኸኛል፤ ታዲያ ልጅቷ ምኑን ነው የጨመረችው? ደረቱን ሲያመው በእጁ እንዳያቆመው ቁልፉን አሸፈንክበት። ሲሞት ፕላስተሩን ልጠህ ጣልክና ጣትህን እሷ ላይ ቀሰርክ። የት ነበርክ?»

«ሌላ ክፍል፣ ሌላ ታካሚ ጀምሮ ነበር» አለች ነርሷ በሱ ፈንታ። «‹አንቺ ቀጥይ› ብሎኝ ሄደ። ሰውዬው ደረቱን ሲይዝ ልጠራው ሮጥኩ። ያለሱ ፈቃድ ማቆም አይቻልማ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሐኪሙ እጅ ላይ አጠለቀ። ነርሷ እፎይ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

የሟች ሚስት ግን ከሷ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«በፊቴ እየሮጥሽ አለፍሽ» አለቻት። «ምን ሆነ ብዬ ቀሚስሽን ያዝኩሽ። ምን አልሽኝ?»

ነርሷ አቀረቀረች። «ምንም አልሆነም፣ ይቀመጡ።»

«ተቀመጥኩልሽ!» ጮኸች ሴትየዋ። «በሩ ክፍት ነበር! ገብቼ በእጄ አወርደው ነበር፣ አንቺ! ተቀመጪ አልሽኝ፣ ተቀመጥኩልሽ!»