ሐሙስ ይቀራል

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ደሴ ሳድግ ጎረቤቶቻችን ስለ ጂኒ ማውራት ሲጀምሩ እየሳቅኩ ተነስቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ፣ ዛሬም አንድ ሰው መጥቶ «ኮምፒውተሩ አበደ» ሲለኝ «አላበደም፣ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ተሳስቶ ነው» ብዬ ነው የምመልሰው፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነኝ። ለዚህ ነው ይህን ለመናገር የማፍረው፣ ግን ብቻዬን ይዤው መክረም አልቻልኩም፣ ለእናንተው ልንገራችሁ።

ቢቸና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የሠራነው የሕሙማን ቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም አለ፣ በነፃ የተለቀቀ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ፣ ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም ወስደው ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ ሌላ ሰው በጻፈው ኮድ ላይ ነው የሚቆመው፣ እኛም የቀን መቁጠሪያውን ክፍል፣ ማለትም በዓሉን ከሥራ ቀን የሚለየውን፣ ሞጣ ካሉ አንድ የቅኔ መምህር ነው የምንወስደው። መሪጌታ ልሳኑ ይባላሉ፣ ፕሮግራም መጻፍን በስልካቸው ብቻቸውን የተማሩ ሰው ናቸው፣ ባሕረ ሐሳቡን በቃላቸው ስለሚያውቁት ከእሳቸው ኮድ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም። ሥራቸውን እኛ «ላይኛው» ነው የምንለው፣ እሳቸው ከላይ ያደፈረሱትን ከታች የምንጠጣው እኛ ነንና። ላይኛው አዲስ እትም ሲለቅ መርምሬ የምቀበለው ወይም በአሮጌው እንቆይ የምለው እኔ ነኝ፣ በዚህ በኩል ክፉ ነኝ፣ ሳምንት ሙሉ ሳልፈትን አልቀበልም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አዲስ እትም መጣ። የቀድሞው ጳጉሜን የሚያምታታ ስህተት ስለነበረበት በጉጉት ስጠብቀው ነበር። መሪጌታ ከእያንዳንዱ እትም ጋር አጭር ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ ይሄኛው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሐሙስ ይቀራል።» የሐሙስ ነገር ገና አልተስተካከለም ማለታቸው መሰለኝ፣ እኛ ሥራ ላይ «ይሄ ይቀራል፣ ያ ይቀራል» ስንባባል አይደል የምንውለው። የአዲስ ዓመት ቀጠሮ እንዳይዘበራረቅብኝ ቸኩዬ ስለነበር የራሴን ደንብ ጥሼ በዚያው ቀን ተቀበልኩት።

ከምሳ ስመለስ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ፕሪንተሩ ይንቋቋል። ወረቀቱን አነሳሁት፣ የሐሙስ ሕሙማን የቀጠሮ ወረቀት ነው፣ ቀኑ ግን ረቡዕ ይላል። ፕሮግራሙ ሐሙስን በዓል ነው ብሎ ቀጠሮውን በአንድ ቀን አስቀድሞ፣ ለሁሉም መልእክት ልኮላቸዋል፣ ያ ሐሙስ ግን ምንም የማይከበርበት ተራ ሐሙስ ነበር። ተናድጄ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ ፕሪንተሩ ሁለት ወረቀት ጨምሮ አወጣ፣ ይሄን እንኳ የተላከለትን መጨረሱ ነው ብዬ ማስረዳት እችላለሁ። ማስረዳት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መልሼ ከፍቼ አሮጌውን እትም አስገባሁ፣ ስንት ወር በሰላም የሠራውን፣ እሱም ረቡዕ አለኝ። ሐሙስ ብዬ በእጄ ጻፍኩና አስቀመጥኩት፣ ገጹን ዘግቼ መልሼ ስከፍተው ረቡዕ ሆኗል። ኮዱን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር አነበብኩት፣ እመኑኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ ስለዚያ ሐሙስ የሚናገር አንዲት መስመር የለችም። መሪጌታ ጋ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እነዚህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ናቸው፣ ቀን ተምታቶባቸው መድኃኒቱ ቢቋረጥ በሽታው ይበረታባቸዋል፣ ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የእኔ ነው። መድኃኒቱን ለምትሰጠው ነርስ፣ ለሲስተር ሰብለ፣ ሄጄ ነገርኳት፣ እሷም መድኃኒቱ እጃችን ላይ ስላለ ረቡዕ ይምጡ፣ ሌላ መልእክት ልከሽ ጭራሽ አታደናግሪያቸው አለችኝ። ረቡዕ ሁሉም መጡ። በእንጨት ድልድይ ተሻግረው ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ታከለ፣ ብቻ በሩ ላይ ቆመው ተቆጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሐሙስ ብለሽ ረቡዕ ትያለሽ፣ እኔን ስንት ጊዜ ልታመላልሽኝ ነው?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ መድኃኒታቸውን በፌስታል ጠቅልለው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ይዞት ሄደ። ሁለት ሰዓት ማለት የማዶ ሕሙማን በቀጠሯቸው ቀን የሚሻገሩበት ሰዓት ነው፣ የዚያን ዕለት ግን ድልድዩ ላይ ማንም አልነበረም። ሲስተር ሰብለ ስትነግረኝ «አጋጣሚ ነው» አልኳት፣ አልኩ እንጂ ከዝርዝሩ ላይ የማዶዎቹን ስም መቁጠር ጀመርኩ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ፣ ደብረ ወርቅን፣ ከዚያም ጉንደ ወይንን አልፌ፣ የመንገዱን ጭቃ ተዉት። መሪጌታን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም ነበር፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ላፕቶፓቸው ከሰኔ ጀምሮ ተሰብሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ስልካቸውም ውኃ ገብቶበት ከጠፋ ሳምንት አልፎታል፣ እትሙ ግን በእሳቸው ስምና በእሳቸው የይለፍ ቃል ነው የተለቀቀው። ማስታወሻውን በስልኬ አሳየኋቸው፣ ደጋግመው አነበቡት።

«ምን ማለት መስሎሽ ተቀበልሽው?» አሉኝ።

«ሥራው ገና ነው ማለትዎ መስሎኝ።»

«ሐሙስ የሚባል አይኖርም ማለትም እኮ ነው። እኔ ብጽፈው እንዲሁ አድርጌ ነበር የምጽፈው።» ስልኩን መለሱልኝ። «አልጻፍሁትም እንጂ።»

ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆናል ብዬ፣ ራሴን ለማጽናናት ጭምር፣ የይለፍ ቃላቸውን በእኔው ስልክ እዚያው አስቀየርኳቸው። እኔ ፊቴን አዙሬ ቆየሁ፣ አዲሱን ቃል ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም።

ትናንት ረፋድ ላይ ሌላ እትም መጣ። በእሳቸው ስም ነው፣ በአዲሱ የይለፍ ቃል ነው፣ ማስታወሻው ሦስት ቃል ነው፦ «አንድ ሰው ይቀራል።» ስልካቸው ተሠርቶላቸው ስለነበር ደውዬ አነበብኩላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» ብለው ዘጉት። እንግዲህ ልቀበለው ወይስ ልተወው? ባለፈው በተቀበልኩት ሰው ተረፈ፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ፣ ልመልሰው ስል ደግሞ አልመለስ ብሎኛል። ፈርቻለሁ፣ ምኑን እንደምፈራው ግን ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

የማውቀውን ሥራ መሥራት ይሻላል ብዬ ዛሬ ጠዋት የሕሙማኑን ዝርዝር ይዤ አንድ በአንድ ደወልኩ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ነው ወይ እያልኩ፣ አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፣ ስልኩን ያነሳልኝን ሰው ስም እየሰረዝኩ እስከ ታች ወረድኩ። አቶ ታከለ አያነሱም። ለሦስተኛ ጊዜ እየደወልኩላቸው ሳለ ሲስተር ሰብለ በበሩ ብቅ ብላ «ጨረስሽ?» አለችኝ፣ እኔም ከወረቀቱ ቀና ሳልል፣ አፌ ላይ እንደመጣልኝ፣ «አንድ ሰው ይቀራል» አልኳት።