ድልድዩ ላይ የሚመላለሰው ቁልፍ ቀራጭ

የቁልፍ ቀራጩ ሱቅ ከእግረኞች ድልድይ ሥር ናት። አንዲት ልጅ ድልድዩ ላይ ሥራ የጀመረች ዕለት መሰላል ላይ እንዳለች አንጋጦ አያት፤ እሷም ቁልቁል አየችው። ከዚያ ሁለቱም ሥራ የበዛባቸው መሰሉ።

ኢንጂነር ናት። የድልድዩ ወለል ላይ፣ ሰው ሲረግጣቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሰሌዳዎች ለሙከራ ገጠመች። ያ ኃይል የአየሩን ጭስ የሚለካ ሴንሰር ያለ ባትሪ ያሠራል።

«እስከ ዛሬ በከንቱ ነው የተራመድኩት በይኛ» አላት።

«አንተ ቀልድ። ጠዋትና ማታ ሰው አይጠፋም፤ የሚያሰጋኝ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሴንሰሩ ኃይል አጥቶ ከጠፋ ሙከራው ይዘጋል፤ እኔንም ሩቅ ይመድቡኛል።»

እየሳቀች ነበር የተናገረችው። እሱ ግን በልቡ ያዘው።

ወራት አለፉ፤ ሴንሰሩ አልጠፋም። እሷም «ተመስገን» እያለች ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ደጃፍ ትቀመጣለች። እሱ ቁልፍ ይሞርዳል፤ እሷ እጁን ታያለች። ሊጋቡ ተነጋገሩ። አለቆቿም ሰሌዳው በከተማው ድልድዮች ሁሉ ይተከል አሉ።

ከዚያ እሱ ታሞ ተኛ፤ ሴንሰሩም ጠፋ። ልትጠይቀው ቤቱ ስትሄድ፣ ከአልጋ መውረድ ከተዉ የቆዩት እናቱ ቀድመው አናገሯት።

«ልጄን የጣለው ድልድዩ ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ሲወጣ ሲወርድ ይውላል አሉኝ። ስለት ቢኖርበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ ዞራ አየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔን አምነው ሌላውም ጋ ሊተክሉ ነው እኮ። መንገደኛ በሌለበት ሁሉ ሴንሰሩ ይጠፋል።»

«ካልነገርሻቸው ማን ያውቃል?»

«እግዜር ያውቃል። አሁን ደግሞ እኔም። ምነው ባልሰማሁ።»

ለአለቆቿ ነገረቻቸው። ሙከራው ተዘጋ፤ እሷም ሩቅ ተመደበች። «አብረኸኝ ና» አላለችውም፤ እናቱን ለማን ጥሎ ይመጣል? እሱም «ቅሪ» የሚልበት አፍ አጣ።

ሰሌዳዎቹን የምትነቅል ዕለት ሊያግዛት ወጣ። ጎን ለጎን ተንበርክከው ብሎን ሲፈቱ፣ መንገደኛው እየዞራቸው ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ብሎን ቀረ።

«አልፈታ አለኝ» አላት።

የዛገ ጓጉንቸር ሲከፍት የሚውል ሰው ነው። ታውቃለች።

«አትቸኩልበት» አለችውና አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘችው።

ከታች ዕቃውን የሚጭነው መኪና ጥሩምባ ነፋ። አልተነሱም። ሾፌሩ እንደገና ሲነፋ፣ እሱ ብሎኑን ፈታና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።