የጠጠረው አጥንት

ዶክተር ተክለአብ በስደት በሚኖርበት ዊልስደን ሰፈር በሚገኘው አነስተኛ ላቦራቶሪው፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ቁስል የለውም። ዙሪያውን የደረቅ በረዶ ሣጥኖች ክዳናቸው ተከፍቶ ባዷቸውን ተቀምጠዋል።

ኢንስፔክተር ሸዋረጋ በሩ ላይ ያለውን የአየር ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከፍታ አየች። ባትሪው ወጥቷል።

«ደረቅ በረዶ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሲተን ኦክስጅኑን ያስወጣል፤ የገባ ሰው ሳያውቀው ትንፋሽ አጥሮት ይወድቃል» አለች። «ይህ ግን አደጋ አይደለም።»

የሕንፃው ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ሠራተኞች ናቸው። መጀመሪያ ተመራማሪዋን ራኬብን ጠየቀች።

«ሥራችሁ ምን ነበር?»

«ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ማጥናት። እኛ የያዝናቸው ከሌሎቹ ለየት ያሉ ናቸው፤ ፕሮቲን ከሴል ሊወጣ ሲጓዝ መንገድ ላይ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ይለጥፉበታል። አንዱ ሲጎድል አጥንት ይበላሻል። እንዴት እንደሚበላሽ ገና አላሳተምንም፤ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።»

የጽዳት ሠራተኛው ባዩ «ስለ አጥንት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ የሚሳሳ መሰለኝ» አለ።

ዕቃ ተረካቢው እንግዳወርቅ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ሰው ነው።

«እኔ ዴሊቨሪ ቼክ አድርጌ እፈርማለሁ። ስለ ሳይንሱ ምን አውቃለሁ? ያው ኢንዛይሙ ሲጎድል የሕፃን አጥንት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ይኸው ነው።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«በረዶውን ያመጣው ሾፌር ስድስት ሣጥን አስረክቧል። እርስዎ ግን፣ አቶ እንግዳወርቅ፣ ሁለት ብለው መዝግበዋል።»

«መሳሳት ያለ ነው።»

«ባዩ አጥንቱ የሚሳሳ መስሎታል። ማንም እንደዚያው ይገምታል። እርስዎ ይጠጥራል አሉኝ፤ ያውም የሕፃን። ያልታተመውን ከየት አነበቡት? ባለቤትዎን አነጋገርኳቸው። አጥንታቸው የጠጠረ ሁለት ጨቅሎች ቀብራችኋል። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላወቁም ነበር።»

እንግዳወርቅ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዶክተሩ በማሽን እንድቆራርጠው ከሰጠኝ ወረቀት መሀል አገኘሁት። የመጀመሪያ ልጄ የደም ምርመራ ውጤት ነው፤ ሐኪሞቹ ደሙን ለእሱ ልከውለት ኖሯል። ቀኑን እዩት! ሁለተኛዋ ኪዲ ከመፀነሷ በፊት ሕመሙ በዘር እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ቢነግረን ኖሮ አንወልዳትም። ሌላ ተመራማሪ እንዳይቀድመው ብሎ ዝም አለ፤ ለእኔ ደግሞ ሥራ ሰጠኝ። ለወገኑ አዝኖ መስሎኝ ስመርቀው ኖርኩ።» ጥርሱን ነከሰ። «ኪዲ እጄ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ነው የሞተችው። እሱም እንደዚያው ይሙት አልኩ።»

ራኬብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ንገራቸው ብዬው ነበር… ስንት ጊዜ ንገራቸው አልኩት።»



«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለ እንግዳወርቅ።

ራኬብ አንገቷን ደፋች።

ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ሮጠው ሲይዙት፣ እጁ አንገቷ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር።