ፊትሽን አዙሪ

ሟቹ የተገኘው በገዛ እጁ ከሠራው ብረት ሥር ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ፋብሪካ የሠራውን ባምፐር «ቆርቆሮ» ብሎ ንቆ፣ ክረምቱን ሙሉ በጓሮው ወፍራም ላሜራ ሲቆርጥና ሲበይድ ከርሟል። ዛሬ ጠዋት ያንን ባምፐር በሰንሰለት አንጠልጥሎ ቡሎን ሊያስገባ ከሥሩ ገባ። ሰንሰለቱ ከተያያዘባቸው ሁለት የብረት ጆሮዎች አንዱ ተነቀለ፤ ባምፐሩም ደረቱ ላይ ወረደ።

መርማሪው ሲደርስ ጓሮው ውስጥ ከለቅሶው ስድቡ በልጦ ነበር። ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል፤ ወሬ ሲነግሩት ገለባውን አራግፎ ፍሬውን ስለሚያስቀር ነው። ሳጅኑ የሟችን ታላቅ ወንድም በካቴና አስሮ ይጠብቀው ነበር።

«በያጅ ነው» አለ ሳጅኑ። «ጆሮዎቹን የበየደው እሱ ነው፤ ከሟች ጋር ደግሞ እሳትና ጭድ ነበሩ። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«እሱ ነው የገደለብኝ!» ስትል ጮኸች የሟች ሚስት፣ ከሳሎኑ ደጃፍ ጥላ ሥር ሆና። ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል፤ እንባዋ ይወርዳል። «ዓይኑ ለአፈር! አውቆ ነው ያላላው!»

የወንድማማቾቹ እናት የበያጁን እጅጌ ጨምድደው ይዘዋል። «አንዱን ብረት በላብኝ፤ የቀረኝን ደግሞ እናንተ ልትወስዱ? መጀመሪያ እኔን እሰሩኝ!» አሉ።

ወንፊት ባምፐሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ያልተነቀለውን ጆሮ ብየዳ በጣቱ ዳሰሰው፤ ጥልቅና ወጥ ነው። የተነቀለው ሥር ግን ጥቂት የብየዳ ጠብታ ብቻ ነበር፤ ከጠብታው በታች ደግሞ ጥቁር ቀለም ይታያል። ከላይም ቀለም፣ ከታችም ቀለም።

«አንተ፣ ቀለም ላይ ትበይዳለህ?» ሲል በያጁን ጠየቀው።

«ቀለም ላይ የሚበይድ እጁ ይቆረጥ!» አለ በያጁ በንዴት። «ብረት ከብረት ካልተገናኘ አይይዝም። መጀመሪያ በግራይንደር ይፋቃል፣ ከዚያ ይበየዳል፣ ቀለም የመጨረሻ ነው። እኔ የበየድኩት ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው። ከዚያ ተጣላን፤ ከተጣላን ወዲህ ይህን በር አልረገጥኩም።»

«ውሸታም!» አለች ሚስትየው።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ ራስ ብቅ አለ። ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው መምህር ናቸው። «ሞተ? ይበለው!» አሉ። «አላዝንም፤ አላስመስልምም። በዚያ ግራይንደር ጆሮዬን አደንቁሮታል። ትናንት ከሰዓት እንኳ ያ ሰማያዊ ብልጭታ ግድግዳዬ ላይ ሲጨፍር ነበር። አጥሩን እየደበደብኩ ሰደብኩት።»

«ምን መለሰልዎት?»

«ምንም። ሌላ ቀን እጥፍ አድርጎ ነበር የሚመልስልኝ። ትናንት ግን ጸጥ አለ።»

«እንዴት አይል!» አሉ እናትየው። «ትናንት ከሰዓት መቼ እዚህ ነበረ? የመኪናውን ጎማ ሊያስቀይር ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄዶ፣ ስንመለስ መሽቶ ነበር።»

ሳጅኑ አፉን ከፈተ፤ ወንፊት በእጁ ዝም አሰኘው። ከሟች ቀበቶ ላይ ቁልፍ ፈትቶ የመኪናውን ጋቢና ከፈተ። የብየዳው ጭንብል ወንበሩ ሥር ተወትፏል።

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«በጭንብሉ ማንንም አያምንም ነበር» አሉ እናትየው። «ሁሌም እዚያው ይቆልፍበታል።»

ወንፊት ወደ ቤት ገባ። የሳሎኑ መጋረጃ በቀን ተዘግቷል። አንድ የስፌት መኪና ያለ ጠረጴዛው ወለል ላይ ተቀምጧል። ማድ ቤት ውስጥ ሰሃን ላይ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ድንች አየ፤ ጠቁሯል፤ ሁለቱ ቁራጭ ላይ ኩል ተጣብቋል።

«ቁርስ እየሠራሽ ነበር?» አላት ሚስትየውን፣ ሲመለስ።

«የምን ቁርስ! ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው ያ ብረት ሲወድቅ የሰማሁት።»

«እሺ። ሁላችሁም ወደዚህ ቅረቡ። መምህር፣ እርስዎም በበሩ ዞረው ይግቡ። እህቴ፣ አንቺም ወደ ፀሐዩ ውጪ።»

መጣች፤ ግን ፀሐዩ ሲያገኛት ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነበር» አለ ወንፊት፣ ወደ በያጁ ካቴና እያየ። «ይህ ጆሮ ትናንት ከሰዓት ተቆርጦ፣ ቀለሙ ሳይፋቅ እንደገና ተለጥፏል፤ ከዚያ ቀለም ተቀብቷል። ያን ጊዜ ሟች ከእናቱ ጋር ነበር፤ ስድቡ መልስ ያጣውም ለዚህ ነው። ወንድምየው ነው እንዳይባል፣ የዕድሜ ልክ በያጅ ልግደል ቢል እንኳ እጁ ቀለም ላይ አይሄድለትም፤ ጭንብልም አያጣም። ይህን የሠራው ሲበየድ አይቶ የተማረ፣ ጭንብል ግን ያልነበረው ሰው ነው። በባዶ ዓይን የበየደ ደግሞ ሌሊቱን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ እንደገባበት ሲቃጠል ያድራል፤ ብርሃን ይጠላል፤ ድንች ቆርጦ ይለጥፋል። በለቅሶ ቤት የቀላ ዓይን ማን ይጠረጥራል? ይህ ድንች ግን ባልሽ ከመሞቱ በፊት ነው ዓይንሽ ላይ ያደረው።»

«ብረት ሲበይድ እይዝለት ነበር!» አለች ሚስትየው። «በዚያ ነው የተቃጠልኩት!»

«የሚይዝ ሰው ፊቱን ያዞራል። የሚበይድ ነው ማየት ያለበት። ባልሽ ደግሞ ብየዳውን ጨርሶ ቀለም ከቀባ ሰነበተ።»



«እንዲሞት አልፈለግኩም» አለች። «ባምፐሩ ወድቆ እንዲጣመም ብቻ ነው።»

«ለመጣል ብቻ ቢሆን ቆርጠሽ ትተሽው ትሄጂ ነበር። ቀለም የቀባሽው ሳይጠረጥር ከሥሩ እንዲገባ ነው።»

እጆቿን ከፊቷ አወረደች። ዓይኖቿ አይገለጡም።

«ጆሮዎቹ ከምን እንደተሠሩ ታውቃለህ? ከስፌት ጠረጴዛዬ ብረት። እናቴ የተወችልኝ ነው፤ እንጀራዬ ነበር። ሲቆርጠው እኔኑ አስያዘኝ። ፍንጣሪው ሲመጣ ‹ፊትሽን አዙሪ› አለኝ። ጭንብሉ አንድ ነው፤ እሱም የሱ። አዞርኩ። ስንት ጊዜ አዞርኩ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከበያጁ እጅ ፈትቶ እሷ እጅ ላይ አደረገው። ወደ በሩ ሲወስዳት ፀሐዩ ፊት ለፊት መጣባት፤ የታሰረ እጇን ወደ ዓይኗ ልታነሳ ብትሞክር ሳጅኑ ጎተታት።

«እማማ» አለች። «እባክዎን፣ ነጠላዎን ዓይኔ ላይ ጣል ያድርጉልኝ።»

እናትየው የተረፈላቸውን ልጅ እጅጌ እንደያዙ ፊታቸውን አዞሩ።