ሁምቦ ገደል ላይ የወጣው ቀላል ሌንስ

በሚሌኒየሙ ዓመት በልጉ ሁምቦ ላይ ሁለት ቀን ብቻ ዘነበ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ስኳር ድንቹ አለቀ። ከብት በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። ሴቶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። በመጨረሻ ሰዎች ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ማየት ጀመሩ። ሦስት ዓመት ከመጥረቢያና ከከብት ተከልሎ ቁጥቋጦው ዛፍ ሆኖ ነበር። «ከሰል አክስለን እንብላ» አሉ። ለውሳኔ እሑድ ተቀጠረ።

ሽማግሌው ባዳቾ ብቻ እምቢ አለ። «ከኮረብታው ገደል ማዶ የደረቀው ምንጭ ተመልሷል። አጋዘን ሲጠጣ አይቻለሁ።»

«ያረጀ ዐይን!» ብለው ሳቁበት። ወጥቶ የሚያረጋግጥ ግን ጠፋ። ገደሉ ከዚያ በፊት ሁለት ሰው ገድሏል። ባዳቾ ረቡዕ ዕለት ሶዶ ከተማ ወጥቶ ጩማ ፎቶ ቤት ገባ።

ጩማ የጉርድና የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ወላጅ የሌለው ሕፃን ሳለ፣ ባዳቾ ለዘር ያስቀመጠውን በቆሎ አብልቶ አትርፎታል። በተከታዩ ዓመት የባዳቾ ማሳ ጦሙን አደረ። ሽማግሌው ይህን አንድም ቀን አላነሳበትም። ጩማ ግን እሱ ፊት ቀና ብሎ አያውቅም።

ባዳቾ ምንጩን ፎቶ እንዲያነሳለት ለመነው፤ የጩማ ካሜራ ግን ከጥቂት እርምጃ በላይ ያለውን አያቀርብም ነበር። ስለዚህ ያገለገለ የካሜራ ዕቃ ከአዲስ አበባ ወደሚያመጣው ወደ ሽኩር ሱቅ ሄዱ። ሽኩር ሁለት ሌንስ አወጣ። አንዱ የብረት ነው፤ ክብደቱ የትልቅ ድንጋይ፣ ዋጋው የአንድ በሬ። ሌላው የፕላስቲክ፣ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ከሰባ እስከ ሦስት መቶ ሚሊሜትር የሚሳብ ዙም፣ ኪስ የማይጎዳ።

«ብረቱ በደብዛዛ ብርሃንም ያነሳል» አለ ሽኩር።

«ፕላስቲኩስ?» አለ ጩማ።

«ፀሐይ ይፈልጋል። እስከ ጫፍ ከሳብከው ይደበዝዛል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ አቁመው። ብርሃን ቶሎ የሚቀበለውን ባለ አራት መቶ ፊልም አግባበት። ክርንህን ድንጋይ ላይ አስደግፍ።»

ባዳቾ ብረቱን አንስቶ መዘነና መለሰው። «ገደሉ የሚወጣው በሁለት እጅ ነው።»

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚወጡት?»

«ከፈለግህ አንተንም አዝዬህ እወጣለሁ» አለው ባዳቾ። ሽኩር እየሳቀ ፕላስቲኩን ጠቀለለ።

ሐሙስ ቀትር ላይ የኮረብታውን መንገድ ያዙ። ከአባያ ሐይቅ በኩል አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነሳ። ዐይናቸውን ሞላው። ጩማ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል። እሾህ ክንዱን ቧጨረው። ድንገት ከቁጥቋጦው ግልገሎች የያዘች ከርከሮ ዘላ ወጣች።

«ዛፍ ላይ!» ጮኸ ባዳቾ፤ ራሱም ከድንጋይ ጀርባ ተሸሸገ።

ጩማ ቅርንጫፍ ይዞ ተንጠለጠለ። ጥርሷ የጫማውን ተረከዝ ገሽልጦ አለፈ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ የሚንጠለጠሉበት ዛፍ አልነበረም።

ገደሉ ሥር ቶማ የሚባል ጎረምሳ ከወንድሙ ጋር መጥረቢያ ይዞ ቆሟል። እሑድን ሳይጠብቁ መቁረጥ ጀምረው ነበር።

«ፎቶ አንሺ፣ ሠርጉ የት ነው?» አለ ቶማ።

«ላይ።»

«ከሰሉን ልታስከለክሉን ነው! ካሜራውን ወዲህ በል!»

ባዳቾ በትሩን አግድም ይዞ መንገዱን ዘጋ። «አባትህን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ ቶማ። ትመታኛለህ?»

«ዞር በሉ አባባ!» አለ ቶማ። እጁን ግን አላነሳም። ያኔ ጩማ ወደ ገደሉ ስንጥቅ ዘሎ መውጣት ጀመረ። የቶማ ወንድም የወረወረው ድንጋይ ከጩማ ራስ በላይ ተሰባበረ። የረገጠው ቋጥኝ ተፈነቀለ። በጣቶቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌንሱ ደረቱ ላይ ነበር፤ አልጎተተውም። የዛፍ ሥር ጨብጦ ራሱን ወደ ላይ ሳበ። ከገደሉ አናት ያለው እርከን ላይ ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃለች፤ ለሌንሱ የሚሆን ብርሃን አልቀረም። እዚያው አደረ።

ፀሐይ ስትወጣ ማዶውን አየ። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ከዐለት ሥር ውሃ ያብለጨልጫል። አጋዘኑ ከዛፎቹ መሃል ያለ ድምፅ ወጣ። ቀንዱ እንደ ገመድ ተጠማዝዟል፤ ጎኑ በኖራ የተሰመረ ይመስላል። ጩማ ክርኑን አስደግፎ ዙሙን ሳበ። ከእንስሳው አገጭ የሚንጠባጠበው ውሃ አንድ በአንድ ታየው። የካሜራውን ቁልፍ መጫን ረሳ። እንዲህ ያለ ነገር ካደገበት መንደር በላይ እንደሚኖር አያውቅም ነበር።

ከዚያ የሙያው ልማድ አመለጠውና «ዐይን እንዳይጨፈን» አለ በሹክሹክታ።

አጋዘኑ አንገቱን አንስቶ ወደ እሱ ተመለከተ። ጩማ ሦስት ጊዜ ጫነ። ከዚያ ካሜራውን አስቀምጦ አጋዘኑ እስኪሄድ ድረስ አየው።

እሑድ ፎቶው በጉባኤው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወንዶቹ ቀንዱን አዩ። ሴቶቹ ውሃውን አዩ። ቶማ በመጨረሻ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ያዘው።

«ቦይ ቢቆፈርለት እስከ መንደር ይወርዳል?» ብሎ ጠየቀ።

ኮረብታው እንደተከለለ እንዲቆይ ተወሰነ። ሰዉ ሲበተን ባዳቾ ጩማን ጠራው።

«የሰባ ሰባቱን ከፍለሃል» አለው። «ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም።»

ጩማ ሽማግሌውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየው።